ይዲድያ የሚባል ሰው አይታችኋል?

አብዮቱ በተነሳ ሰሞን፣ የግብፅን ኢንተርኔት ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብዬ አምኜ ነበር። አትሳቁ። በኔ ቦታ ብትሆኑ እናንተም ታምኑ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። እማዬ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ያውም ሆዷ ከሷ ቀድሞ በር የሚገባባት ነፍሰ ጡር። የምንኖረው ቡላቅ አል-ዳክሩር ነው፤ ቤቶቹ ከመጠጋጋታቸው የተነሳ እኛ ሽንኩርት ስንከትፍ የማዶው ጎረቤት የሚያለቅስበት ሰፈር። ያን ሐሙስ አመሻሽ፣ ለሚወለደው ልጅ ስም ልፈልግ ብዬ መንገዳችን ጫፍ ያለው ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። ብርቅ የሆኑ የዕብራይስጥ የወንድ ስሞችን የሚዘረዝር ገጽ አገኘሁ።

ለምን ብርቅ ትሉኝ ይሆናል። አበሻ የልጅ ስም ከመጽሐፍ ሲያወጣ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ሁሉም የሚገልጠው አንድ ገጽ ላይ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤታችን ውስጥ «ናታን!» ብላችሁ ብትጣሩ ግማሹ ክፍል «አቤት!» ይላል። ግማሹ ዝም ያለው አቤል ስለሆነ ነው። የኔ ወንድም እንደዚያ እንዲሆን አልፈለግኩም። ሲጠሩት እሱ ብቻ ዞር እንዲል ነበር የፈለግኩት። (ሴት ብትሆንስ? እሱን አላሰብኩበትም። ወንድ እንደሚሆን እርግጠኛ ነበርኩ፤ በምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።)

ገጹ ስለ እያንዳንዱ ስም ሦስት ነገር ይናገራል፤ ትርጉሙን፣ አመጣጡንና ምን ያህል ሰው እንደሚጠራበት። ወደ ታች እየወረድኩ አንዱ ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። ይዲድያ። እስቲ ድምፅ አውጥታችሁ በሉት። አፍ ውስጥ የሚዘል ስም ነው። ትርጉሙ «የእግዚአብሔር ወዳጅ» ይላል። አመጣጡ ደግሞ የንጉሥ ሰሎሞን ሌላ ስሙ ነው፤ ገና ሕፃን ሳለ በነቢይ በኩል የተላከለት፤ ይህም የሆነው ከዚህ በኋላ ነው...

ገጹ እዚህ ላይ ቆመ።

ከምን በኋላ? የኮምፒውተሩን ቁልፍ ነካሁት። አልተንቀሳቀሰም። ደግሜ ነካሁት፤ ከዚያ ትንሽ ጠንከር አድርጌ መታሁት። አጠገቤ ኳስ የሚያይ ልጅ «ያ ዓሞ ሰዒድ፣ ቆመብኝ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ሌላው ጮኸ። ባለቤቱ ዓሞ ሰዒድ (ዓሞ እዚህ አጎት እንደማለት ነው) መጥቶ የኔን ቁልፍ፣ ከዚያ እኔን አየና «ምን ነክተሽ ነው ያ ቢንቲ፣ ልጄ?» አለኝ። በማግስቱ ጠዋት አገሩ በሙሉ ኢንተርኔት አልነበረውም። ሰው ሁሉ መንግሥት ነው ያጠፋው ይል ነበር። እኔ ግን ቁልፉን የመታሁበትን ኃይል አውቀዋለሁ።

አሁን ስለ ቤታችን ልንገራችሁ፤ አለዚያ ለአንድ ስም ይህን ያህል የተጨነቅኩት ለምን እንደሆነ አይገባችሁም። ከኔ በታች ናሆም የሚባል ወንድም ነበረኝ። ወደዚህ ስንመጣ ካርቱም ላይ ትኩሳት ያዘው፤ እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ እማዬ ስሙን ጠርታ አታውቅም። ሌላ ሰው ሲጠራው ደግሞ ቀስ ብላ ትነሳና ሳህን ታጥባለች። የታጠበ ሳህንም ቢሆን ታጥበዋለች። በዚህ ምክንያት ከኛ ቤት የበለጠ ንጹሕ ሳህን ካይሮ ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

በአንድ አፓርታማ አብረውን የሚኖሩት እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። ሁለተኛዋ ክፍል የሳቸው ናት፤ ምክራቸው ግን ሁለቱንም ክፍልና ኩሽናውን ይሞላል። እሳቸው ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ስሙን ወስነውታል። «ወንድ ከሆነ ምትኩ ነው። ልጅ ያጣ ሰው ቀጥሎ ለሚመጣው የሚያወጣው ይሄንኑ ነው። ምትኩ ካልወደዳችሁ ካሣ። ካሣ ካልወደዳችሁ ማስረሻ።» ይህን ባሉ ቁጥር እማዬን አያት ነበር። ጉንጯ ላይ የሆነ ነገር ትንሽ ዝልል ይላል፤ ከዚያ ወደ ሳህኖቹ ትሄዳለች። እትዬ ጥሩወርቅ ክፉ ሰው አይደሉም፤ እንዲያውም እሳቸው ባይኖሩ ምን እንሆን እንደነበር አላውቅም። ግን እኔ ወንድሜ በተጠራ ቁጥር እማዬ እንድትነሳ አልፈልግም ነበር። ምትኩ! ና ብላ! ምትኩ! ጫማህ የታለ! በቀን ስንት ሳህን ይታጠባል?

አባዬ ቢኖር ነገሩ ይቀል ነበር። ስም የሚያወጣው አባት ነው፤ ከዚያ ክርክር የለም። አባዬ ግን ከከተማው ወዲያ ጫፍ፣ ሄሊዮፖሊስ፣ አንዲት አሮጊት ማዳም ቤት ዘበኛ ነው። ዓርብ ጠዋት ተረኛ ሆኖ ሄደ፤ ያኔ ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ ሚክሮባስ የሚሉት ሚኒባስ ቆመ፣ ስልክ ተቋረጠ። በኋላ ስልክ ሲመለስ የአባዬ ስልክ ብቻ አልመለስም አለ።

ልጁ በዚህ መሐል መጣ። ሐኪም ፍለጋ የሚኬድበት መንገድ አልነበረም፤ ስለዚህ አዋላጆቹ እትዬ ጥሩወርቅና የቤታችን ባለቤት ኡም ሐሰን ነበሩ። ሁለቱ የሚግባቡበት አንድም ቃል የላቸውም። አንደኛዋ በአማርኛ «ግፊ!» ስትል ሌላዋ በዓረብኛ «ዙኢ!» ትላለች፤ እማዬ ከሁለቱም ጩኸት ለመገላገል ስትል ወለደች። እኔ በር ላይ ሆኜ ሙቅ ውሃ እንድይዝ ታዝዤ ነበር። ውሃው እስኪቀዘቅዝ ያዝኩት፤ ማንም አልጠየቀኝም።

ወንድ ነው። አላልኳችሁም?

እንግዲህ ልጁ ስም አልነበረውም፤ ማለቴ በጣም ብዙ ስም ነበረው። ኡም ሐሰን በቴሌቪዥን ያዩትን ሰልፍ አስበው «ነስር» ይሉታል፤ ድል ማለት ነው። እትዬ ጥሩወርቅ ምትኩ ይሉታል። ከላይ ፎቅ የሚኖሩት፣ ከወሎ መጥተው የእስልምና ትምህርት የሚማሩት ሼህ ይማም «አባቱ እስኪመጣ ማሙሽ ይበቃዋል» ብለው ማሙሽ ይሉታል። እማዬ ምንም አትለውም። ዝም ብላ ታየዋለች።

እኔ ደግሞ ያ «ከዚህ በኋላ» የሚለው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። መጽሐፍ ቅዱሱ ቤታችን ውስጥ አለ'ኮ! ግን የት እንዳለ ገምቱ። ሕፃኑን ክፉ ነገር እንዳይነካው ተብሎ ትራሱ ሥር ተቀምጧል። አንዴ ቀስ ብዬ ልስበው ሞከርኩ። ሕፃኑ ጮኸ፤ እትዬ ጥሩወርቅ ከየት እንደመጡ ሳላያቸው በማማሰያ እጄን መቱኝ። «የአራስ ልጅ ራስጌ ይነካል?» ከዚያ ወዲያ ሁለተኛ አልሞከርኩም።

በመጨረሻ አንድ ቀን ምሳ ላይ እትዬ ጥሩወርቅ እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡና፣ አዋጅ እንደሚያነብ ሰው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጅ ያለ ስም አያድርም። እስከ ዛሬ ጠበቅን። ዛሬ አባቱ ካልመጣ በትልቅ ሰው ይሰየማል፤ እዚህ ቤት ትልቅ ሰው እኔ ነኝ። ምትኩ ነው።»

እማዬ ተነሳች። ወደ ኩሽና ሄደች። ውሃው ተከፈተ።

«ይዲድያ ነው!» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ እኔም ደነገጥኩ።

«ምን?»

«ይዲድያ። የዕብራይስጥ ስም ነው። የእግዚአብሔር ወዳጅ ማለት ነው።»

«ወይ ጉድ! ይህን ያህል ዘመን ስኖር ይዲድያ የሚባል ሰው አይቼ አላውቅም። ሰው የማይጠራበት ስም ስም ነው? አንድ ሰው አምጪልኝ! አንድ! ያኔ አፌን እይዛለሁ።»

ብልህ ልጅ ብሆን እዚህ ላይ ዝም እል ነበር። እኔ ግን ጫማዬን አደረግኩና ይዲድያ የሚባል ሰው ልፈልግ ወጣሁ። ካይሮ ትልቅ ከተማ ናት፤ አንድ አይጠፋም ብዬ ነው።

መንገዳችን አፍ ላይ ያን ሰሞን የሰፈሩ ወንዶች ዘብ ቆመው ነበር። ፖሊስ ስለጠፋ ሌባ እንዳይገባ ነው። መንገዱን የዘጉት በአሮጌ ፍሪጅና በአልጋ ብረት ነው። አለቃቸው ሥጋ ሻጩ ዓሞ ሙስጠፋ ነው፤ ትልቁን ቢላዋውን ይዟል። ከሱ ቀጥሎ ፋርማሲስቱ ዶክተር ዓደል በመጥረጊያ እንጨት ታጥቋል። ቴሌቪዥኑ ጠዋትና ማታ «የውጭ ሰላዮች በየመንገዱ ገብተዋል፤ ንቁ!» ይላቸዋል፤ እነሱም ነቅተዋል። ከመንቃታቸው የተነሳ ድመት እንኳ ስታልፍ ከየት እንደመጣች ይጠየቃል።

እኔ ደግሞ ሄጄ እንዲህ አልኩ፦ «ዓሞ ሙስጠፋ፣ ይዲድያ የሚባል ሰው ታውቃለህ?»

«ይዲድ... ምን? የየት አገር ስም ነው?»

«የዕብራይስጥ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ፍሪጁም የዞረ መሰለኝ። ዶክተር ዓደል መጥረጊያውን ከትከሻው አወረደ።

«ማነው የላከሽ?»

«እትዬ ጥሩወርቅ።»

«ጥ-ሩ-ወርቅ» አለ ቀስ ብሎ፣ የምስጢር ቃል እንደያዘ ሰው ወደ ሌሎቹ እያየ። «ሰውየውን አግኝተሽ ምን ልታደርጊው ነው?»

«ወደ ቤት ልወስደው። አንድ ብቻ ነው የምፈልገው።»

አንባቢዎቼ፣ እውነት መናገር ሁልጊዜ ጥሩ ነው ይባላል። ግን ማን እንደሚሰማችሁ እያያችሁ ይሁን። ያዕኒ፣ ማለቴ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሰላይ ሆንኩ። «ጃሱሳ!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሰላይ ናት ማለቱ ነው። ዓሞ ሙስጠፋ «ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ ሕፃን ናት» አለ፤ ዶክተር ዓደል «በሕፃን ነው የሚልኩት!» አለ። ወንበር መጣ፤ ተቀመጪ ተባልኩ። ሻይም መጣ፣ ስኳር የሞላበት። እዚህ አገር ሰው ሲጠረጠርም ሻይ አይነፈገውም። እየፈራሁ ጠጣሁት፤ ጥሩ ሻይ ነበር።

«የሚያውቃት ሰው ይጠራ» ተባለና ሼህ ይማም ተጠሩ። ነጭ ቆባቸውን እያስተካከሉ መጡ። በአማርኛ «አብሽሪ ልጄ፣ ምን አጥፍተሽ ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ከንፈራቸውን ሲነክሱ አየሁ፤ ሳቅ እየያዙ ነው።

ወደ ሰዎቹ ዞረው በዓረብኛ ሊያስረዱ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ከወዲያ በኩል ጩኸት ተሰማ። «ሌላ ያዝን! ሌላ! ሌባ ነው!» ሁለት ሰዎች አንድ ሰው በክንዱ ይዘው መጡ። ሰውየው ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው አቧራ ነው። ብብቱ ሥር ትልቅ ጥቅልል ይዟል።

አባዬ ነበር።

መጀመሪያ አላወቅኩትም፤ ፂሙ አድጎ ነበር። እሱም አላየኝም። ዓሞ ሙስጠፋ ጥቅልሉን ተቀብሎ ፈታው። ውስጡ ሮዝ፣ ዳንቴል ያለው፣ የሀብታም ቤት የሕፃን ብርድ ልብስ አለ።

«ይሄን ከየት ሰረቅክ?»

«ማዳም ሰጠችኝ። ከሄሊዮፖሊስ በእግሬ ነው የመጣሁት። ባለቤቴ ልትወልድ ነበር፤ ወልዳ ይሆናል።»

«ምን ወለደች?»

«አላውቅም።»

«ስሙስ ማነው?»

«አላውቅም አልኩህ'ኮ ወንድሜ!»

«የልጁን ስም የማያውቅ አባት!» አለ ዶክተር ዓደል፣ ለራሱ እንደማጨብጨብ እያለ። የአባዬ ፊት አቧራ ላይ እንባው መስመር ሠርቶ ሲወርድ አየሁት። አባዬ ሲያለቅስ ካርቱም ላይ አንዴ ብቻ ነው ያየሁት።

የሻይ ብርጭቆው ከእጄ ወደቀ። «አባዬ! ወንድ ነው! እማዬ ደህና ናት! ወንድ ነው፤ ይዲድያ ነው ስሙ!»

አባዬ ወደ እኔ ዞረ። ፍሪጁ ላይ ቁጭ አለ። «ይዲድያ» አለ። «ይዲድያ።» ሄጄ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ፤ አቧራው አፌ ውስጥ ገባ።

«ያው ስም!» አለ ዶክተር ዓደል፤ ድምፁ ግን ቀንሶ ነበር። ያኔ ሼህ ይማም ገቡበት።

«ስሙኝ ወንድሞቼ። ይቺ ልጅ የምትለው ሰው ንጉሡ ሱለይማን ነው። በነሱ መጽሐፍ ሕፃን ሳለ የተጠራበት ሌላ ስሙ ነው፤ ጌታው የወደደው ማለት ነው። እናንተ ወዱድ ስትሉ፣ እኛም በአማርኛ ውድ ስንል፣ የዚህ ስም አጎትና አክስት ናቸው። ሰላይ ንጉሡ ሱለይማንን ፍለጋ ይወጣል?»

«ሱለይማን?» አለ ዓሞ ሙስጠፋ። «አንቺ ልጅ፣ ከመጀመሪያው ሱለይማን አትይም ነበር? የእናቴ አባት ሱለይማን ነው!» ዶክተር ዓደል ትንሽ አሰበና «የሚስቴ ወንድምም...» አለ። ከኋላ ያ «ጃሱሳ» ያለው ሰው እጁን አወጣ፤ እሱ ራሱ ሱለይማን ነው። አያችሁ? በመላው ካይሮ አንድ ይዲድያ ፍለጋ ወጥቼ፣ በአንድ ፍሪጅ ዙሪያ ሦስት አገኘሁ። ገጹ ሳይነግረኝ የቀረውን ሦስተኛውን ጥያቄ በራሴ መልሻለሁ።

«ኸላስ! በቃ!» ብሎ ዓሞ ሙስጠፋ ቢላዋውን ወገቡ ላይ ሻጠ። «ማብሩክ ያ አቡ ሱለይማን!» የሱለይማን አባት፣ እንኳን ደስ ያለህ ማለቱ ነው። አባዬን ከፍሪጁ አንስቶ ሳመው። ከዚያ ሁሉም ሳሙት። ሮዙ ብርድ ልብስ እንደ ባንዲራ ከፊት ቀደመ፤ እኛ ተከተልን። በየመስኮቱ ሴቶች እልል አሉ። ለምን እንደሆነ ግማሾቹ አያውቁም፤ ያን ሰሞን እልል ለማለት ምክንያት ሲፈለግ ነበር።

እኔ ግን ደረጃውን ስወጣ ወደ ኋላ ቀረሁ። ምን እንዳደረግኩ ያኔ ነው የገባኝ። ወንድሜን ሰይሜዋለሁ። በአደባባይ። አባቱ ሳያስብበት፣ እናቱ ሳትጠየቅ። ያውም «ከዚህ በኋላ» የሚለውን ሳላውቅ። ከጦርነት በኋላ ቢሆንስ? ከመጥፎ ነገር በኋላ ቢሆንስ?

በሩ ተከፈተ። አባዬ እማዬን አየ፣ ልጁን አየ፣ ከዚያ አልጋው አጠገብ ተንበረከከ። ኡም ሐሰን ለእንግዶቹ ሻይ አፈሉ፤ ሰዎቹ በር ላይ ሆነው ጠጥተው፣ «ሱለይማን፣ ሱለይማን» እያሉ ባርከው ሄዱ። ሼህ ይማም ብቻ ደጁ ላይ ቆዩ።

እትዬ ጥሩወርቅ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው «ማነው ሱለይማን?» አሉ።

አባዬ ቀና አለ። «ስም ወጥቶለታል አሉኝ'ኮ። ይዲድያ አሉኝ። እኔ ወድጄዋለሁ። አንቺስ?»

እማዬ ወደ እኔ ዞረች።

«እማዬ፣ ሙሉውን አላውቀውም» አልኳት፤ ማልቀስ ጀምሬያለሁ። «ገጹ ቆመብኝ። ስሙ የተሰጠው ከሆነ ነገር በኋላ ነው ይላል። ከምን በኋላ እንደሆነ አላውቅም። ካልወደድሽው...»

«እኔ አውቀዋለሁ» አለች እማዬ።

እሷ የልጁን እግር በሁለት ጣቷ ይዛለች።

«የሰሎሞን አባትና እናት ከሱ በፊት ሌላ ልጅ ነበራቸው። ታመመ። አባትየው መሬት ላይ ተኝቶ፣ እህል ሳይቀምስ ለመነ። ልጁ ግን ሞተ። ከዚያ በኋላ ነው ይሄኛው የመጣው፤ ይዲድያ በሉት የሚል መልእክትም የተላከው።» የልጁን እግር ሸፈነች። «ካርቱም እያለን ደጋግሜ ያነበብኩት እሱን ነው። የምፈልገው ደግሞ የመጀመሪያውን ልጅ ስም ነበር። የለም። ያ ሕፃን ስም የለውም፤ አልተጻፈለትም። እናቱ ምን ብላ ትጠራው እንደነበር ማንም አያውቅም። የኔ ልጅ ግን ስም ነበረው።»

አባዬ እጇን ያዘ።

«ናሆም» አለች።

ድምፅዋ ትንሽ ሻከረ፤ ለብዙ ጊዜ ያልተከፈተ በር ሲከፈት እንዲህ ነው። ደግማ «ናሆም» አለች፤ አሁን ደህና ወጣ። «ይሄኛው ምትኩ አይደለም እትዬ። የናሆም ቦታ የናሆም ነው። ይሄ ወንድሙ ነው። ይዲድያ ነው።»

እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ፤ ግን ቶሎ መለሱት፤ ሰው ሲያለቅሱ እንዲያያቸው አይወዱም። ጎንበስ ብለው ልጁን አነሱት። ብዙ ጊዜ አዩት።

«በል እሺ፣ አንተ ይዲድያ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ተቆጡ። «ምን ትገተሪያለሽ! አንድ ሰው አምጪ አላልኩሽም? ይኸው፣ አንድ ተገኘ። አፌን ይዣለሁ።»

አልያዙም፤ እሳቸው አፋቸውን ይዘው አያውቁም። ልጁን እያወዛወዙ እዚያው ቀጠሉ። «ለመሆኑ ይሄ ልጅ ናሆምን ይመስላል?»

እኔ ወደ ኩሽናው አየሁ። የእንግዶቹ የሻይ ብርጭቆ ገንዳው ውስጥ ተቆልሏል፤ አንድም የታጠበ የለም።

እማዬ አልተነሳችም።

«ጆሮው» አለች፣ ልጁን ወደ ራሷ እየሳበች። «እስቲ ጆሮውን እዩት። የናሆም እንዲህ ነበር፤ ጫፉ ላይ ትንሽ እጥፍ ያለ።»